የጊብሊ «ደካማ» ፊልሞች ጎን ለጎን፦ የቱ ዲስኩ ይገዛል፣ የቱ አንዴ ታይቶ ይበቃዋል?

የጃፓኑ አኒሜሽን (የሥዕል ፊልም) ሠሪ የስቱዲዮ ጊብሊ ወዳጆች ሲገናኙ ስለ ምርጡ ፊልም ብዙም አይከራከሩም። ጨዋታው የሚሞቀው «የወደቀው የቱ ነው?» ሲባል ነው። ሁለት ስም፣ «ኧርዝሲ»ና «ኢርዊግ»፣ ወዲያው ይነሳል፤ ቀጥሎ አንዱ ሌላ ፊልም ጠርቶ «ያማዳስ» ይላል፣ ሌላው በቁጣ ከወንበሩ ይነሳል። ዲስክ ሊገዛ ያሰበ ሰው ግን ከዚህ ሙግት ባዶ እጁን ይመለሳል፤ «ደካማ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያየ ጣጣ አጭቆ ይዟልና። ታሪኩ የተሰበረ ፊልም አለ። ከመነሻውም ትንሽ ሆኖ የታሰበ አለ። ምንም ሳይጎድለው የተመልካቹን ትዕግሥት የሚፈትን ደግሞ አለ። የመጀመሪያውን ገዝቶ የሚቆጨው ሰው ሦስተኛውን ደጋግሞ ሊያየው ይችላል።

ፊልሞቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው ጠርተናቸዋል፤ መደብር ውስጥም ሆነ ኔትፍሊክስ ላይ ሲፈለጉ የሚገኙት በሱ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። (ስቱዲዮውን ጃፓኖች «ጂብሪ» ነው የሚሉት። ቃሉ በሊቢያ በረሃ የሚነፍሰው ትኩስ ነፋስ ስም ሲሆን ጣሊያኖች «ጊብሊ» ስለሚሉት እዚህም በዚያው ሄደናል።)

ኧርዝሲ ወይስ ኢርዊግ?

ከዝርዝሩ ግርጌ የማይጠፉት ሁለቱም የስቱዲዮው መሥራች የሃያኦ ሚያዛኪ ልጅ ጎሮ ዳይሬክት ያደረጋቸው ናቸው፦ «ቴልስ ፍሮም ኧርዝሲ» (2006፣ 115 ደቂቃ) እና «ኢርዊግ ኤንድ ዘ ዊች» (2020፣ 82 ደቂቃ)። «ልጁ አይችልም» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው፤ ግን የዚሁ ሰው «ፍሮም አፕ ኦን ፖፒ ሂል» (2011፣ 91 ደቂቃ) ንጹሕ፣ የተስተካከለ ፊልም ነው። ስክሪፕቱን የጻፉለት አባቱና ኬይኮ ኒዋ ናቸው። ስለዚህ ችግሩን ከስሙ ይልቅ ከታሪኩ አጥንት መፈለግ ይሻላል።

ኧርዝሲ የተነሳው ከአሜሪካዊቷ ደራሲ ከኧርሱላ ለ ጉዊን የኧርዝሲ ተከታታይ መጻሕፍት፣ ይበልጡን ከሦስተኛውና ከአራተኛው ነው። ጣጣውም እዚያው ይጀምራል፦ ሁለት ሙሉ መጽሐፍ የሚሞላ ያለፈ ታሪክ ተመልካቹ ያውቃል ብሎ ይነሳል። አስማተኛው ስፓሮውሃውክና ቴናር የተባለችው ሴት ሲገናኙ መሃላቸው የቆየ ነገር እንዳለ ፊታቸው ይናገራል፤ ምን እንደሆነ ግን የሚያስረዳ የለም። ከዚያም በፊት፣ ገና በመግቢያው፣ ልዑል አረን በቤተ መንግሥቱ ጨለማ መተላለፊያ ንጉሥ አባቱን በጩቤ ወግቶ ሰይፉን ይዞ ይጠፋል። ለምን? መጽሐፉ ውስጥ ይህ ግድያ የለም፤ ፊልሙም እስከ መጨረሻው አጥጋቢ መልስ አያመጣለትም። ደራሲዋ ራሳቸው ፊልሙ የሳቸው መጽሐፍ እንዳልሆነ በግልጽ ጽፈዋል፤ ምክንያት አልባውን የአባት ግድያም ነቅፈዋል። ማለቂያው ላይ ቴሩ የተባለችው ልጅ ዘንዶ ስትሆንም ያው ነው፤ መጽሐፉን ያነበበ «አሃ» ይላል፣ ያላነበበ ጎረቤቱን ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ፊልም ባዶ አይደለም። ጎሮ ከዚያ በፊት ፊልም ሠርቶ አያውቅም፤ ሙያው የመናፈሻ ንድፍ ነበር፣ በሚታካ የሚገኘውን የጊብሊ ሙዚየም በመሥራትና በማስተዳደርም ነበር የቆየው። ምስሉ ይህን አይደብቅም፦ ሰዎቹ ግትር ናቸው፣ ቦታው ግን ይተነፍሳል። ፍርስራሽ ላይ የተንጠላጠለችውን የሆርት ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ብርሃን የሚወርድበትን የቴናርን እርሻ ልብ ብላችሁ እዩ። ቴሩ ሜዳው ላይ ቆማ ያለ አንዳች መሣሪያ የምታንጎራጉርበት ትዕይንት ደግሞ ለብቻው አንድ ነገር ነው፤ ለሱ ሲባል በጃፓንኛው ድምፅ ይታይ። በወጣበት ዓመት ጃፓን ውስጥ ከአገሩ ፊልሞች በገቢ አንደኛ የነበረ መሆኑም አይዘንጋ፤ የወደቀው በተመልካች ብዛት ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር ሲመዘን ነው።

ኢርዊግ ሌላ ነው። የስቱዲዮው የመጀመሪያ ሙሉ ሥሪዲ (3D፣ በኮምፒዩተር የተቀረጸ እንጂ ያልተሣለ) ረጅም ፊልም ሲሆን ዲሴምበር 30 ቀን 2020 በጃፓኑ ኤንኤችኬ ቴሌቪዥን ነበር መጀመሪያ የታየው። ብዙዎች የጠሉት በእጅ ስላልተሣለ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ የልጅቷ ፀጉር እንደ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ አብሮ ይዞራል፤ አንገቷን ስታዞር ነፋስም ክብደትም ያገኘው አይመስልም። ነገር ግን ዓይን በሃያ ደቂቃ ይለምደዋል። የማይለመደው ሌላ ነው፦ ታሪኩ ሁልጊዜ ሊጀምር ነው። ከሕፃናት ማሳደጊያ የወጣችው ልጅ ወደ ጠንቋይዋ ቤት ትገባለች፣ እዚያው ቤት ውስጥ ትላተማለች፣ የጠፋችው እናቷ ስለነበረችበት የሙዚቃ ባንድ ፍንጭ ይሰጠናል፤ በመጨረሻ በሩ ይንኳኳል፣ እናት ቆማለች፣ ፊልሙም እዚያው ያልቃል። እንደ ተከታታይ ድራማ የመጀመሪያ ክፍል ነው፤ ክፍል ሁለት ግን የለውም። የሚገርመው፣ ስሞች ሲያልፉ በጎን የሚታዩት በእጅ የተሣሉ ምስሎች ከፊልሙ ይበልጥ ሕይወት አላቸው።

የኛ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ከሁለቱ የሚከፋው ኢርዊግ ነው። ኧርዝሲ ትልቅ ነገር አንሥቶ ጣለ፤ ኢርዊግ ምንም አላነሳም። ሙሉ ስብስብ የሚያሟላ ሰው ካልሆነ በቀር የኢርዊግን ዲስክ መግዛት አይመከርም፤ አንዴ በኦንላይን ማየት ይበቃል። ኧርዝሲን በቅናሽ ካገኙት፣ ትልቅ ቴሌቪዥንም ካለ፣ ይገዛ። ለልጆች ግን አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ የወላጅ ጥንቃቄ የሚል ምልክት የተሰጠው በከንቱ አይደለም፤ ማለቂያው ላይ የክፉው አስማተኛ ኮብ ፊት የሚሆነውን ያየ ሕፃን በሌሊት ወላጆቹን ይቀሰቅሳል።

በትንሽነታቸው የተወቀሱት

«ዘ ካት ሪተርንስ» (2002፣ ሂሮዩኪ ሞሪታ፣ 75 ደቂቃ) ሲጀመር ለመዝናኛ ፓርክ የታሰበ አጭር ፊልም ነበር፤ እያደገ መጥቶ ነው ሲኒማ የገባው። ስሱነቱ ከዚያ የመጣ ነው፦ ሥዕሉ ቀለል ያለ፣ ጥላው ጥቂት፣ ዓለሙ ሦስት አራት ቦታ። ሃሩ የምትባል ተማሪ ከመኪና ጎማ ሥር አንድ ድመት ታተርፋለች፤ ድመቱ ልዑል ኖሮ የድመቶች ንጉሥ ውለታ ይመልስ ጀመር፦ ግቢዋን የድመት መጫወቻ ሣር ይሞላዋል፣ የትምህርት ቤት ሳጥኗ ውስጥ በስጦታ የታሸጉ አይጦች ያስቀምጥላታል፣ በመጨረሻም ልጁን ሊድርላት ይነሳል። ቀልዱ ያለ ትርጉም ይገባል። ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ያለበት ቤት ከዚህ ሁሉ ዝርዝር አንድ ዲስክ ብቻ የሚገዛ ከሆነ ይህን ይግዛ። ደካማ የሚሉት ከስቱዲዮው ዝነኛ ፊልም ከ«ስፒሪትድ አዌይ» አንድ ዓመት በኋላ ስለወጣ ነው፤ በዚያ ሚዛን ማን ይተርፋል?

«ኦሽን ዌቭስ» (1993፣ ቶሞሚ ሞቺዙኪ፣ 72 ደቂቃ) በርዝመት ከሱ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ሌላው ሁሉ ግን ተቃራኒ ነው። ለቴሌቪዥን፣ በስቱዲዮው ወጣት ሠራተኞች የተሠራ ሲሆን ከስቱዲዮው መሥራቾች ከሃያኦ ሚያዛኪና ከኢሳኦ ታካሃታ ውጭ ሌላ ሰው ዳይሬክት ያደረገው የመጀመሪያው የጊብሊ ፊልም ነው። ኮቺ በምትባል የወደብ ከተማ ሁለት ጓደኛሞችና ከቶኪዮ የመጣች አስቸጋሪ ልጅ፤ በትምህርት ቤት ጉዞ ሃዋይ ላይ 60,000 የን ትበደራለች፣ ሁሉም ነገር ከዚያ ብድር ይጠመዘዛል። አስማት የለም፣ የሚበር ነገር የለም። ልጆች አሥር ደቂቃም አይቀመጡለትም፤ ሃይስኩልን ጨርሶ የጥቂት ዓመት ርቀት ያገኘ ሰው ግን ይገባዋል። እንግሊዝኛ ድምፅ አልተሠራለትም፤ ያለው ጃፓንኛ ከግርጌ ጽሑፍ ጋር ነው።

ያማዳስና ፖም ፖኮ

ከሁሉ የተበደለው «ማይ ኔይበርስ ዘ ያማዳስ» (1999፣ ኢሳኦ ታካሃታ፣ 104 ደቂቃ) ነው። ሽፋኑን ያየ ሰው ያልተጨረሰ ንድፍ ይመስለዋል፦ ቀጭን መስመር፣ ጫፉ የተተወ የውኃ ቀለም፣ ባዶ ነጭ ጀርባ። ስንፍና ግን አይደለም፤ የስቱዲዮው የመጀመሪያ ሙሉ ዲጂታል ሥራ ነው፣ ኮምፒዩተሩም የገባው ያንን የእጅ ቀለም ሳይነካ ለማንቀሳቀስ ነው። መነሻው የጋዜጣ ባለ አራት ሥዕል ቀልድ ስለሆነ አንድ ወጥ ታሪክ የለውም። የሚያደክመውም ይህ ነው፤ 104 ደቂቃ ሙሉ ቀልድ በቀልድ ላይ ሲደራረብ ሰባኛው ደቂቃ ላይ ጨዋታው ይደበዝዛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በሦስት ማታ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ይታይ። እንዲህ ለሚታይ ፊልም ደግሞ ዲስክ ቤት መኖሩ ይጠቅማል።

ቤተሰቡ ትንሿን ኖኖኮን ገበያ ማዕከል ረስቶ መኪና ውስጥ ሲተራመስ እሷ ረጋ ብላ የጠፉት እነሱ ናቸው ትላለች። ባልና ሚስት ቴሌቪዥን ለመቀየር እንደ ጎራዴ ተፋላሚ ይሽከረከራሉ። አንድ ቦታ ላይ ግን ሥዕሉ ራሱ ይለወጣል፦ ማታ ሞተረኞች ሰፈሩን ሲረብሹ አባወራው እንዲገሥጻቸው ይላካል፤ በዚያች ቅጽበት ክብ ጭንቅላቱ ይጠፋና እውነተኛ ትከሻ ያለው፣ የፈራ ሰው ሆኖ ይሣላል። አደጋው ሲያልፍ መስመሩ ወደ ቀልዱ ይመለሳል። «ደካማ ሥዕል» የሚል ሰው ይህችን ትዕይንት ደግሞ ይያት።

የዚሁ ዳይሬክተር «ፖም ፖኮ» (1994፣ 119 ደቂቃ) ስለ ታኑኪዎች ነው፤ ቶኪዮ ዳር ታማ ኮረብታ ላይ የመኖሪያ ሰፈር ሲሠራ ጫካቸውን ለማዳን መልካቸውን እየቀየሩ የሚዋጉ የዱር እንስሳት። ርዝመቱ ያስቀጣዋል፤ መሃሉ ላይ ስብሰባ፣ ዕቅድ፣ ክሽፈት፣ እንደገና ስብሰባ ነው። ሆኖም መናፍስት በሰፈሩ መሃል የሚሰለፉበት ትርኢት፣ ከዚያም አንድ የመዝናኛ ፓርክ «የኔ ማስታወቂያ ነው» ብሎ ድካማቸውን የሚቀማበት ምጸት፣ በጊብሊ ፊልም ሊታይ የሚችለውን ያህል መራራ ነው። ወላጅ ይወቅ፦ በጃፓን ተረት የታኑኪ ወንዶች የቆለጥ ከረጢታቸውን እየነፉ ምንጣፍም መሣሪያም ያደርጉታል፤ ፊልሙም ያለ ኀፍረት ያሳያል። እንግሊዝኛው ድምፅ «ኪስ» እያለ ያልፈዋል።

«ሃውልስ ሙቪንግ ካስል» (2004) ደካማ ነው የሚሉም አሉ። የማለቂያው ጥድፊያ አይካድም፤ ከላይ ካሉት ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ግን ቀልድ ነው።

ዲስክ ከመግዛት በፊት

ከአሜሪካ ለዘመድ የሚላክ ብሉሬይ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ሲደርስ አይከፍትም፤ ዲስኩ ተበላሽቶ ሳይሆን በቀጠና ኮድ፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚከፍት በሚወስነው ምልክት፣ ነው። የአሜሪካና የጃፓን ብሉሬይ ቀጠና «ኤ» ነው፤ አውሮፓ፣ አፍሪካና መካከለኛው ምሥራቅ፣ እስራኤልንና የባሕረ ሰላጤ አገሮችን ጨምሮ፣ ቀጠና «ቢ» ናቸው። ለአዲስ አበባ፣ ለዱባይ ወይም ለቴልአቪቭ ማጫወቻ የሚሆነው የእንግሊዝ እትም ነው። ዲቪዲ ላይ ቁጥሩ ይለያል፦ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና ጃፓን 2፣ ኢትዮጵያ 5። ርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ይቀበላል፤ ብሉሬይ ማጫወቻ ግን ጥብቅ ነው። የኮምፒዩተር ዲቪዲ ማንበቢያ ቀጠናውን አምስት ጊዜ ብቻ ያስቀይራል፣ ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል።

የአውሮፓ ዲቪዲ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተሠራ ስለሆነ ፊልሙን በ4 በመቶ ገደማ ያፈጥነዋል። ኧርዝሲ ከ115 ወደ 110 ደቂቃ ቢወርድ የተቆረጠ ነገር የለም፤ ድምፁ ትንሽ ይቀጥናል፣ የቴሩ ዘፈንም ከፍ ብሎ ይሰማል። ብሉሬይ ላይ ይህ የለም፤ ለሙዚቃው የሚገዛ ሰው ዋጋውን ጨምሮ ብሉሬይ ይውሰድ።

ድምፁ የተቀየረ ድራማ ለቃና ተመልካች እንግዳ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ገበያ በሚሸጡት ዲስኮች ላይ ያለው ምርጫ ግን ጃፓንኛና እንግሊዝኛ ነው። የግርጌ ጽሑፉ ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል፦ አንዱ ጃፓንኛውን የተረጎመ፣ ሌላው መስማት ለተሳናቸው ሲባል እንግሊዝኛውን ድምፅ ቃል በቃል የገለበጠ። ጃፓንኛውን ከሁለተኛው ጋር የከፈተ ሰው ተዋናዩ ዝም ባለበት ጽሑፍ ሲያልፍ ያያል፤ ትርጉሙ የተበላሸ ይመስለዋል። ከምናሌው ሌላኛውን ይምረጥ።