የፌስቲቫል ድንኳን ጣና ዳር ሲያድር

የአውሮፓ የሮክ ፌስቲቫል ወቅት የእኛ ክረምት ነው። የእንግሊዙ ግላስተንበሪ በሰኔ ሁለተኛ አጋማሽ ሱመርሴት ውስጥ፣ የወተት ላም በሚረባበት እርሻ ላይ ይካሄዳል። የዴንማርኩ ሮስኪልድ ሰኔ ሳያልቅ ይከተላል፤ ሬዲንግና ሊድስ ደግሞ ነሐሴ ከተጋመሰ በኋላ ይመጣሉ። ግላስተንበሪ እ.ኤ.አ. በ1970፣ ሮስኪልድ በ1971 ነው የተጀመሩት። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ሜዳ ላይ ለሚያድረው የሙዚቃ አፍቃሪ የሚሸጠው ዕቃ ራሱን የቻለ ገበያ ሆኗል፤ ቀለል ያለ ድንኳን፣ ስስ ፍራሽ፣ ስሊፒንግ ባግ፣ አንድ መዳፍ ሙሉ ካስማ።

ባሕር ዳር ላይ ጊታርና ስፒከር ይዘው ሁለት ሌሊት ሐይቁ ዳር ለማደር የሚያስቡ ጓደኛሞች እጅ የሚገባውም ይኸው ዕቃ ነው፤ ወይ ተገዝቶ ወይ ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ። እዚህ የምናየው የአንድ ፋብሪካ ምርት ሳይሆን በየስሙ የሚሸጠው ተመሳሳይ ዓይነት ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። በሁለት ተጣጣፊ ዘንግ የሚቆመው ጉልላት ድንኳን ጥቂት ነገር ከተስተካከለለት ጣና ዳር ደህና ያሳድራል። ሲወረውሩት ራሱ የሚከፈተው ለቀን ጥላ ካልሆነ ለሌሊት አይመከርም። አብሮ የሚመጣው ካስማ ደግሞ ከነከረጢቱ ቤት ቢቀር አይጎዳም።

ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ዝናቡን ነው። ከዝናቡ በፊት ግን ስለ ሌሊቱ ርዝመት ማሰብ ያስፈልጋል። በሰኔ የደቡብ እንግሊዝ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ተመልሳ የምትወጣው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ ነው። የፌስቲቫሉ ታዳሚ ከመድረክ ተመልሶ ድንኳኑ ውስጥ የሚቆየው አራትም አምስትም ሰዓት ነው። ባሕር ዳር ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች። ትንኝ ወይም ዝናብ 2 ሰዓት ላይ ካስገባችሁ እስኪነጋ አሥር ሰዓት ድንኳን ውስጥ ናችሁ። ሁለት ሰው በዚያን ያህል ጊዜ በትንፋሽና በላብ ከግማሽ ሊትር የማያንስ ውሃ ያወጣል፤ ያ ሁሉ የላይኛው ሽፋን ሆድ ላይ ጠል ሆኖ ይሰበሰብና ሌሊቱን ፊት ላይ ይንጠባጠባል። «ድንኳኑ አፈሰሰ» ከሚባለው ቅሬታ ብዙው ይኼ ነው።

ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም። ሽፋኑን ከውስጥ በመዳፍ ዳስሱት። እርጥበቱ በሁሉም ቦታ እኩል ከሆነ ትንፋሽ ነው፤ በስፌት መስመር ላይ ብቻ ከሆነ የሚያፈሰው ስፌቱ ነው። ለትንፋሹ መድኃኒቱ አየር ነው፦ አናት ላይ ያሉትን መተንፈሻዎች በዝናብም ጊዜ ቢሆን አለመዝጋት፣ የላይኛውን በር ዚፕ ከላይ አንድ ስንዝር መክፈት፣ ሽፋኑ የውስጡን ጨርቅ እንዳይነካ በአውታር ወደ ውጭ መወጠር። ሁለቱ ጨርቆች በተነካኩበት ቦታ ውሃው ተሻግሮ ይገባል። ባለአንድ ጨርቁን ርካሽ ድንኳን የማንመክረውም ለዚህ ነው፤ በእነሱ አጭር ሌሊት ይቻል ይሆናል፣ በእኛ ረጅም ሌሊት ግን ሰው በራሱ ትንፋሽ ይበሰብሳል።

አውታር ካነሳን፣ ቋንቋችን ለጊታሩም ለድንኳኑም አንድ ቃል መስጠቱ ያጋጣሚ አይመስልም፤ ሁለቱም ቅኝታቸው ይወርዳል። ናይሎን ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ማታ ጥብቅ የነበረው ድንኳን ሌሊት ይረግባል፤ ስለዚህ ከመተኛት በፊት አንድ ጊዜ ዞሮ ማጥበቅ ግድ ነው። ፖሊስተር በእርጥበት ብዙም አይለጠጥም፤ ፀሐይንም ከናይሎን በተሻለ ይችላል። ምርጫ ካላችሁ ለሽፋኑ ፖሊስተር ውሰዱ።

ወደ ዝናቡ እንምጣ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ የሚበዛው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይወርዳል፤ ሲወርድም እንደ እንግሊዝ ካፊያ ቀኑን ሙሉ እያለሰለሰ ሳይሆን ባንዴ ነው የሚዘረግፈው። የድንኳኑ መለያ ወረቀት ላይ «1,500 ሚሜ» ወይም «2,000 ሚሜ» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ትርጉሙ ጨርቁ ያን ያህል ከፍታ ያለው የውሃ ዓምድ ቢቆምበት ሳያሳልፍ ይችላል ማለት ነው። ለጣሪያ 2,000 ይበቃል። ለወለል አይበቃም፤ እርጥብ መሬት ላይ በጉልበት ወይም በክርን ስትደገፉ የሚፈጠረው ግፊት ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከወለሉ ሥር ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል። ላስቲኩ ከድንኳኑ ጠርዝ በአራቱም በኩል አንድ እጅ ያህል እንዲያንስ አድርጋችሁ ቁረጡት። ብቅ ካለ ከጣሪያው የሚወርደውን ውሃ እንደ ገበቴ ይሰበስብና ከሥራችሁ ያቁረዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ሰፋ ቢል ይሻላል» ይላል።

ድንኳኑን ከመጓዛችሁ በፊት ግቢ ውስጥ ተክላችሁ 15 ደቂቃ በጎማ ውሃ አዝንቡበት። ስፌቱ ከውስጥ በኩል ብርሃን የሚያሳልፍ ጠባብ ፕላስተር ሊኖረው ይገባል። ከሌለው ወይም ከተላጠ ይታሸጋል፤ ነገር ግን ለመስኮት የሚሸጠውን ሲሊኮን አትቀቡ። ርካሾቹ ድንኳኖች ውሃ እንዳያሳልፉ ከውስጥ የሚቀቡት ፖሊዩሪቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ሲሊኮን በፖሊዩሪቴን ላይ አጥብቆ አይዝም፣ በሁለተኛው ጉዞ እንደ ቆዳ ይላጣል። ከራሱ ከፖሊዩሪቴን የተሠራ የስፌት ማሸጊያ አንድ ቱቦ ለሙሉ ድንኳን ይበቃል። ቀብታችሁ ሌሊቱን ዘርግታችሁ አሳድሩት።

ስፋቱን በተመለከተ፣ «ለሁለት ሰው» የሚባለው ወለል ብዙውን ጊዜ ወደ 2 ሜትር በ1.40 ነው። ያ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ቦርሳቸውን ውጭ ትተው ለሚተኙ ነው። ጊታር ካለ ለአንድ ሰውና ለጊታሩ በሉት። ሁለት ሆናችሁ ከነዕቃችሁ ለማደር «ለሦስት» የሚለውን ያዙ።

አሁን ካስማ። አብሮ የሚመጣው 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ለእንግሊዝ የሣር መስክ የታሰበ። በባሕር ዳር ዙሪያ ሁለት ዓይነት መሬት ይገጥማችኋል፤ ለሁለቱም አይሆንም። አንደኛው ጥቁሩ ዋልካ ነው፤ በክረምት እንደ ሊጥ ይላላና ካስማውን በትንሽ ንፋስ ይተፋዋል፣ በበጋ ይሰነጠቅና ስንጥቁ ውስጥ ያስቀረዋል። ሁለተኛው ከሥሩ ወዲያው ጥቁር ድንጋይ ያለበት ነው፤ ሽቦው እዚያ ሲደርስ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። መፍትሔው ብረት ቤት ነው፦ ከባለ 8 ፌሮ በ30 ሴንቲ ሜትር አሥር ቁራጭ አስቆርጡ፤ አንዱን ጫፍ አሹሉ፣ ሌላውን እንደ ከዘራ አጉብጡ። ካስማው የሚተከለው አናቱ ከድንኳኑ እንዲርቅ ዘንበል ተደርጎ ነው፤ ገመዱና ካስማው ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠሩ ይይዛል። ድንጋዩ ከበዛ ባዶ ማዳበሪያ በአሸዋ ወይም በድንጋይ ሞልቶ አውታሩን እሱ ላይ ማሰር ነው። ክብደቱን ወደ ሐይቁ ባለው ወገን አብዙት፤ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ የሚነሳው ከውሃው ወደ መሬት ነው።

የሚወረወረው ድንኳን የሚሸነፈውም በዚህ ንፋስ ነው። ክቡ ዘንግ ለስላሳ ስለሆነ ጎኑ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ ካስማ ሳይመታ ከተለቀቀ እንደ ልጆች የወረቀት ካይት ይበርራል። ሌላው ችግር አጣጣፉ ነው። መክፈቱ ሁለት ሰከንድ ቢሆንም፣ መልሶ ስምንት ቁጥር አስመስሎ መጠምዘዝን ያልተለማመደ ሰው ግማሽ ሰዓት ይታገላል፤ በጉልበት ያጠፈው ደግሞ ዘንጉን ይሰብራል። ሲታጠፍም ትልቅ ሰፌድ ያህላል፤ ባጃጅ ውስጥ ሦስተኛ ተሳፋሪ ነው።

የጉልላቱ ዘንግ ከፋይበርግላስ ነው፤ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ መጋጠሚያው ላይ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ሲጎበጥ ነው። እያንዳንዱ መጋጠሚያ «ቀጭ» እስኪል ግፉት። ከተሰበረ ስብራቱን በባዶ እጅ አትንኩ፤ ስንጥሩ ከቆዳ ለማውጣት እሾህን ያስመኛል። 15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ዘንጉ የሚገባበት የብረት ቱቦ በስብራቱ ላይ አሳልፋችሁ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር ብትጠቀልሉት ጉዞውን ይጨርሳል።

ፍራሹ ላይ አጭር ነን። በአየር የሚነፋው ይመቻል፤ ግን የግራር እሾህ ጠላቱ ነው። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና ጎማ ጠጋኝ ዘንድ መሄድ ይታሰባል፤ የብስክሌት ኮላ ግን የሚሠራው ለጎማ ነው፣ ከፒቪሲ ፕላስቲክ የተሠራ ፍራሽ ላይ ይለቅቃል። ስፖንጅ ያዙ፣ ዕረፉ። ስሊፒንግ ባጉ ላይ «15 ዲግሪ» የሚል ከሆነ ለክረምቱ ከጋቢ ጋር ይበቃል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ብርድ ልብስ ይጨመር። ጋቢ ከረጠበ ግን ቶሎ አይደርቅም፤ የድንኳኑ ግድግዳ እንዳይነካው መሃል ላይ ይሁን።

ከዕቃው ያልተናነሰ የሚወስነው የሚተከልበት ቦታ ነው። ሐይቁ ዝቅ የሚለው ግንቦትና ሰኔ ላይ ነው፤ ሞልቶ የሚታየው መስከረምና ጥቅምት ላይ። በሰኔ ደረቅ የነበረ ዳርቻ በመስከረም ረግረግ ነው፤ አሮጌውን የውሃ ምልክት ፈልጋችሁ ከሱ በላይ ትከሉ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢና ደንገል ባለበት ሁሉ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል። ሰፋ ብሎ የተረገጠ መንገድና ፋንድያ ካያችሁ መንገዱ የእሱ ነው፤ በእሱና በውሃው መካከል ድንኳን አይተከልም። ብቻውን የቆመ ትልቅ ዛፍ ሥር ደግሞ በመብረቅ ወቅት አይጠጋም። ምግብ ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ፤ ጦጣ ለአንድ ሙዝ ብላ መረቡን ትቀድዳለች።

የወባ ትንኝ የምትበዛው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው፤ የእንቁጣጣሽ ሽርሽር የሚደራውም ያኔ ነው። ስለዚህ የውስጡ በር ሙሉ መረብ ያለው መሆኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ። የመረቡን ዚፕ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ ዝጉ። ሐይቁ ዳር መታጠብም ይቅር፤ ቢልሃርዚያ አለ። የሐይቅ ውሃ ለመጠጥ ከሆነ ይፈላል፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ያም ሆኖ አንድ ሙሉ ደቂቃ ከተንፈቀፈቀ በቂ ነው።

ዝናብ ሲጥል ጀበናውን ከነከሰሉ ወደ ድንኳን የማስገባት ፈተና ይመጣል። በፍጹም። ከሰል ነበልባሉ ከጠፋ በኋላም ሽታ የሌለው መርዝ ያወጣል፤ የተዘጋ ድንኳን ውስጥ እንቅልፍ የወሰደው ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ቡናው የሚፈላው ውጭ፣ ለብቻው በተወጠረ ሸራ ሥር ነው።

ስለ ድምፅ አንድ ነገር፦ ዘጌና ደሴቶቹ ላይ ገዳማት አሉ፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። ድምፁ ሆን ተብሎ የሚሻከረው የዲስቶርሽን ጊታር በዚያ ሰሞን በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል።

አጥፎ ማስቀመጡ ላይ ብዙ ድንኳን ይሞታል። እርጥብ ሆኖ የታጠፈ ሽፋን በሁለት ቀን ይሻግታል፤ ይኸው እየተደጋገመ ሲሄድ የውስጡ ፖሊዩሪቴን ይሟሽሻል፣ ይጣበቃል፣ ይሸታል፤ ከዚያ በኋላ መጠገኛ የለውም። ክረምት ላይ ፀሐይ ካልተገኘ በረንዳ ላይ ዘርግቶ እየገለበጡ ማድረቅ ነው። ዋልካው እርጥብ ሳለ ከመፈተግ ይልቅ ደርቆ ሲረግፍ በለስላሳ ብሩሽ ይወርዳል። አብሮት የመጣው ከረጢት ጠባብ ነው፣ ሲያጭቁት ስፌቱ ይተረተራል። ንጹሕ ማዳበሪያ ይበልጠዋል፤ ከነፌሮ ካስማው ይገባል፣ ባጃጅ ጣሪያ ላይም ይታሰራል።