ትሮምሶ፣ አቢስኮ ወይስ ሮቫኒየሚ? የሰሜን ብርሃን ለማየት ከሐዋሳ ለሚነሳ

ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው። ባለፈው እሁድ አሞራ ገደል ዓሣ ጥብስ እየበላን፣ እጮኛው ስልኳን አወጣችና የሰሜን ብርሃን ያቀለመውን አረንጓዴ የሌሊት ሰማይ አሳየችን። «ጋሼ፣ ጫጉላችን እዚህ ነው» አለችኝ። ቦታ መምረጡና ማጣራቱ እኔ ላይ ወደቀ።

መጀመሪያ ወቅቱ ይለይ። ሰሜን አውሮፓውያን ክረምት የሚሉት የኛን በጋ ነው። በሐምሌ ብትሄዱ ሌሊቱ ስለማይጨልም ምንም አታዩም። ከመስከረም እስከ መጋቢት ነው ጊዜው።

ብዙ ሰው የሚመርጠው የኖርዌይዋን ትሮምሶ ነው፤ እውነትም ትመቻለች። ሞቅ ያለ የባሕር ውሃ ስለሚያልፍባት፣ ያን ያህል ሰሜን ሆና እንኳ በጥር ቅዝቃዜዋ በአማካይ ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምግብ ቤቱ፣ ውሻ የሚጎትተው ጋሪ፣ አስጎብኚው ሞልቷል። ለገና ከሄዳችሁ ግን ፀሐይ ጨርሶ አትወጣም፤ የምትመለሰው በጥምቀት ሰሞን ነው። ትልቁ ችግሯ ደመና ነው። ባሕሩ ቅርብ ስለሆነ ሰማይዋ ቶሎ ይከደናል። ለዚህ ነው አስጎብኚዎቹ ሰው በሚኒባስ ጭነው ጥርት ያለ ሰማይ ፍለጋ አንዳንዴ እስከ ፊንላንድ የሚነዱት። እኩለ ሌሊት ላይ ለሰዓታት መኪና ውስጥ መቀመጥ ለማይችል አይሆንም።

የስዊድኗ አቢስኮ ተቃራኒዋ ናት። ከባሕሩ የሚመጣው ደመና ተራሮቹን ሲሻገር እርጥበቱን እዚያው ኖርዌይ በኩል ያራግፋል፤ ስለዚህ ሰማይዋ ብዙ ጊዜ ክፍት ነው። በር ላይ ቆሞ ወደ ላይ ማየት ይበቃል። ግን ትንሽ መንደር ናት። ቀን ላይ ከበረዶና ከሐይቅ በቀር ምንም የለም፣ ብርዱም ይጠነክራል። ከስቶክሆልም በሌሊት ባቡር ይደረሳል።

የፊንላንዷን ሮቫኒየሚ ልጅ ላላቸው እተዋታለሁ። የገና አባት መንደርና አጋዘን ልጆችን ያስፈነድቃል። ከሁለቱ ወደ ደቡብ ዝቅ ብላ አርክቲክ ክበብ ላይ ስለሆነች ግን ብርሃኑን የማየት ዕድሏ ከሁለቱ ያንሳል፤ ብርዱም አንዳንዴ ከዜሮ በታች 30 ይደርሳል።

ሦስቱም ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በአንድነት በሚያገለግለው የሸንገን ቪዛ ነው የሚገቡት። ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ኅብረት በኛ ላይ ሕጉን ስላጠበቀ፣ መደበኛው የመልስ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዝሟል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም አይሰጥም። አንዴ ከገባችሁ ከስዊድን ኖርዌይ መሻገር ግን ይቻላል። የምታመለክቱት ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው። ቪዛው ሳይወጣ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት እንዳትቆርጡ!

ለሙሽሮቹ የመረጥኩት ሦስት ሌሊት አቢስኮ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ኖርዌይዋ ናርቪክ፣ በአውቶቡስ ትሮምሶ፣ እዚያም ሁለት ሌሊት ነው። አምስት ሌሊት ብዙ ይመስላል። አንድ ሌሊት ብቻ ይዞ መሄድ ግን ቁማር ነው፤ ብርሃኑ የሚመጣው ፀሐይ በምትረጨው ቅንጣት መጠን እንጂ በከፈልነው ብር አይደለም።

የወንድሜን እጮኛ አንድ ነገር አስጠንቅቄያታለሁ። ካሜራ ከዓይን ይልቅ ቀለሙን አጉልቶ ይይዛል። ደከም ባለ ምሽት በዓይን የሚታየው ግራጫ ጭጋግ መሳይ ነገር ነው። «እሱም ይበቃኛል» አለች። ለብርዱ ወፍራም ቱታ እዚህ መፈለግ አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ አስጎብኚዎች ያውሳሉ። እናቴ ግን ሁለት ጋቢ አዘጋጅታ ጨርሳለች።