ፊልም በዳውንሎድ መግዛት ያዋጣል? 5 ዶላር ሲገባ ብቻ

አሜሪካ ውስጥ አዲስ ፊልም ከአፕል ወይም ከአማዞን ኦንላይን ለመግዛት ስትሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዶላር ትጠየቃላችሁ። የዚያው ፊልም ብሉሬይ ዲስክም ከዚህ እምብዛም አይርቅም። 4ኬ ዲስኩ፣ ማለትም ከተራው ብሉሬይ የጠራ ምስል ያለው፣ ከፍ ብሎ 30 ዶላር ይደርሳል፤ ጥቂት ወራት ለታገሰ ሁሉም ይወርዳል። ዋጋው እንዲህ ከተቀራረበ ጥያቄው በዚያው ገንዘብ ምን እናገኛለን የሚለው ነው። ሁለቱንም ለዓመታት ስጠቀም ኖሬአለሁና ሳልሸፋፍን ልንገራችሁ፤ ዳውንሎድ በሙሉ ዋጋ አያዋጣም።

ከጥራት ልጀምር። ብሉሬይ 25 ወይም 50 ጊጋባይት ይይዛል፣ 4ኬ ዲስክ ደግሞ እስከ 100። ዳውንሎድ የሚደረግ ኤችዲ ፊልም ግን ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ጊጋባይት ነው። ስልክ ላይ ካያችሁት ልዩነቱ አይታወቅም፣ ትንሽ ቲቪ ላይም ያን ያህል አይጎላም። ትልቅ ቲቪ ላይ፣ መብራት አጥፍታችሁ፣ ጨለማ የበዛበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል። የሌሊቱ ሰማይ ከጥቁር ወደ ግራጫ ቀስ እያለ መሄድ ሲገባው እንደ ደረጃ ተከፋፍሎ ይታያል። ጭስ ወይም ጉም ሲመጣማ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይርመሰመሱበታል። ዲስኩ ላይ ያው ቦታ ንጹህ ነው። ድምፁም እንደዚያው፤ ኦንላይን የሚመጣው ተጨምቆ ነው፣ ብሉሬይ ላይ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይቀነስበት የተቀመጠ ነው። ጥሩ ስፒከር ቤቱ ያስገባ ሰው ለዚህ ብቻ ዲስክ ቢገዛ አልፈርድበትም።

እኔን ከጥራቱ በላይ የሚያንገበግበኝ የባለቤትነቱ ነገር ነው። ዲስክ የገዛ ሰው ሊያውሰው፣ ሊሸጠው፣ ለእህቱ ሊሰጠው ይችላል፤ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግም ይፈቅድለታል። ዳውንሎድ ላይ ግን የከፈላችሁት ለማየት ፈቃድ ነው። ያገለገሉ የዲጂታል ዘፈኖችን ለማሻሻጥ የሞከረ ሪዲጂ የሚባል ድርጅት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ኒውዮርክ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አይቻልም ብሎ ፈረደበት። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከጥር 2025 ጀምሮ ሻጮች የሚሸጡት ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዳለች። ጥሩ ነው፣ ግን መናገሩ ፊልሙን የእናንተ አያደርገውም።

ይሄ የወረቀት ላይ ስጋት እንዳይመስላችሁ። በ2023 መጨረሻ ሶኒ በጌም ማሽኑ በፕሌይስቴሽን ሱቅ የተሸጡ የዲስከቨሪ ቲቪ ፕሮግራሞች ከገዢዎቹ አካውንት እንደሚነሱ አስታወቀ። ሰው ብር ከፍሎባቸዋል እኮ! ከብዙ ጩኸት በኋላ የሁለቱ ድርጅቶች ስምምነት ታድሶ ባሉበት ቀሩ እንጂ ሊሄዱ ነበር። ዳውንሎድ አድርጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ካስቀመጥኩት ማን ይነካብኛል የሚልም አይጠፋም፤ ግን ፋይሉ የተቆለፈ ነው፣ የሚከፈተው በዚያው አፕ፣ በዚያው አካውንት ነው።

ወደ አገር ቤት ፊልም ለሚልክ ወይም ይዞ ለሚሄድ ደግሞ ይሄን ልጨምር። ዲስክና ማጫወቻ የሚሠሩት ሪጅን በሚባል የዓለም ክፍፍል ነው፤ የአንዱ ሪጅን ዲስክ በሌላው ማጫወቻ ላይ ላይከፈት ይችላል። የአሜሪካ ዲቪዲ ሪጅን 1 ነው፣ የኢትዮጵያ 5። ብሉሬይ ላይ አሜሪካ ኤ ናት፣ ኢትዮጵያ ቢ። ስለዚህ ከዚህ ገዝታችሁ የላካችሁት ዲስክ እዚያ ያለው ማጫወቻ ላይ እምቢ ሊል ይችላል፤ ሁሉንም ሪጅን የሚያጫውት ማሽን መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። 4ኬ ዲስክ ላይ ይሄ ጣጣ የለም። ዳውንሎዱም አካውንቱ ከተከፈተበት አገር ጋር የታሰረ ነውና ማምለጫ አይሆንም።

መቼም የአማርኛ ፊልም ፈልጎ እነዚህ የአሜሪካ ሱቆች ውስጥ የገባ ሰው ብዙም አይቀናውም። ቤታችሁ የድሮ የአማርኛ ፊልም ቪሲዲ ወይም ዲቪዲ ካለ እባካችሁ አትጣሉት። ዛሬውኑ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡት፤ በተለይ ቤት ውስጥ ወይም ሱቅ ውስጥ ተቀድቶ የተሸጠ ከሆነ ቶሎ ነው የሚበላሸው። ሌላ ቅጂ የት እንደምታገኙ አታውቁም።

ዲስክም ያለ ችግር አይደለም። ይጫራል፣ ቦታ ይይዛል። አንዳንዱም ሳይነካ ከውስጥ ይበላሻል፤ ዋርነር ብራዘርስ ከ2006 እስከ 2008 ያሳተማቸው አንዳንድ ዲቪዲዎች እንዲህ መሆናቸውን ራሱ አምኗል። ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። ሳምሰንግ በ2019፣ ኤልጂ በ2024 ከገበያው ወጥተዋል፤ የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ቤስት ባይም በ2024 ፊልም በዲስክ መሸጡን አቁሟል። ሶኒና ፓናሶኒክ አሉ። ማጫወቻ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ አትዘግዩ።

ዳውንሎድን ጨርሶ አልጣልኩትም። አፕል ላይ በየሳምንቱ ቅናሽ ይወጣል፤ 20 ዶላር የነበረው ፊልም 5 ዶላር ሲገባ ግዙት፣ ቆጭቶኝ አያውቅም። በተለይ የልጆች ፊልም፤ እነሱ ያንኑ ደጋግመው ነው የሚያዩት፣ ዲስክ እጃቸው ከገባ ደግሞ አለቀለት። ረጅም በረራ ላይም ታብሌት ላይ የተጫነን ፊልም የሚያክል የለም። አፕል በ2017 4ኬ ሲጀምር ቀድሞ ኤችዲ ለገዙት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ 4ኬ ከፍ አድርጎላቸዋል፤ ይሄን ዲስክ አያደርግላችሁም። ከገዛችሁ ሙቪስ ኤኒዌር የሚባል አገልግሎት ላይ ተመዝገቡ። ነጻ ነው፣ የሚሰራው አሜሪካ ውስጥ ብቻ ነው፣ የዲዝኒ፣ የዋርነር፣ የዩኒቨርሳልና የሶኒ ፊልሞችን አንዱ ሱቅ ገዝታችሁ ሌላው ላይ እንድታዩ ያደርጋል። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይኖራችኋል።

አንዴ ብቻ ለምታዩት ፊልም ግን ምንም አትግዙ። ተከራዩት፣ ወይም ሰፈራችሁ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግቡ፤ ብዙዎቹ ዲቪዲና ብሉሬይ በነጻ ያውሳሉ፣ ለምን ብዙ ሰው እንደማይጠቀምበት አይገባኝም። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆችም ዲስክ በጥቂት ዶላር ያወጣሉ።

አዲስ ለምትገዙት ምክሬ ዲጂታል ኮድ ያለበትን ብሉሬይ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ኮድ ያለባት ትንሽ ወረቀት አለች፤ ኮዱን ስታስገቡ ፊልሙ አካውንታችሁ ላይም ይገባል፣ በአንድ ዋጋ ሁለቱንም ወሰዳችሁ ማለት ነው። ያገለገለ ከሆነ ኮዱ ተበልቷል ብላችሁ አስቡ። አዲስም ቢሆን ወረቀቷ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን አይታችሁ ቶሎ አስገቡት፤ ቀኑ ካለፈ ላይሰራ ይችላል።