ቀን አልተኛም ላለው ልጄ መላ ላገኘችልን ቲቸር፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ሰላም ወላጆች። ዛሬ የምጽፈው አንዲት ሴት በአደባባይ ምስጋና ስለሚገባት ነው። ልጄ በሚውልበት የሕጻናት ማቆያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችን የምትይዝ ሞግዚት ናት። ልጆቹም እኛም ቲቸር ነው የምንላት። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም። ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጉዳዩ የእረፍት ሰዓት ነው። ከምሳ በኋላ ፍራሽ ይነጠፋል፣ መጋረጃ ይዘጋል፣ ልጆች ይተኛሉ። የኔ ልጅ ግን አይተኛም። ሦስት ዓመቱን ካለፈ ወዲህ የቀን እንቅልፍ ቀስ በቀስ እየተወው ነው የመጣው። ቤት ውስጥ ቢሆን ችግር የለውም። ብዙ ልጅ ባለበት ክፍል ግን አንዱ ካልተኛ ሌላውም አይተኛም። ይገላበጣል፣ ያወራል፣ አጠገቡ ያለውን ይቀሰቅሳል።

ቀደም ሲል የነበረበት ማቆያ መፍትሔ ብሎ የያዘው ማስገደድን ነበር። ሁሉም እስኪነሳ ድረስ ዓይንህን ጨፍን ይባላል። ከተንቀሳቀሰ ይቆጡታል። ውሎ አድሮ ጠዋት ጠዋት አልሄድም ማለት ጀመረ። «ያስተኙኛል» እያለ ያለቅሳል። ጓደኞቹን ይወዳል፣ ጨዋታውን ይወዳል፤ የጠላው ያችን ሰዓት ብቻ ነበር። ያንን ቦታ የተውነው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲሱ ቦታ ልናስመዘግበው ስንሄድ ይህንኑ ነገርኳት። ቲቸርም አዳመጠችኝና እንዲህ አለችኝ፦ «እናቱ፣ እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣም። እኔ የምጠይቀው ሰውነቱን እንዲያሳርፍ ብቻ ነው። እንቅልፉ ከመጣ እሰየው፣ ካልመጣም የሚሠራው ነገር አዘጋጅለታለሁ።» ደስ የሚል ንግግር ነው ብዬ ተቀበልኩት። እንዲህ በተግባር ትፈጽመዋለች ብዬ ግን አልጠበቅኩም።

እንዴት እንደምታደርገው ላስረዳችሁ። መጀመሪያ ሁሉም ልጅ ጋደም ይላል፣ የሚተኛውም የማይተኛውም። ለግማሽ ሰዓት ያህል መጫወቻ የለም፣ ወሬ የለም። ይህቺን ጊዜ ያላስቀረችው ሆን ብላ ነው። በዚህ ዕድሜ የቀን እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ቁርጥ ብሎ አይቀርም። ልጁ ለቀናት ሳይተኛ ይከርማል። ከዚያ ጉንፋን ሲይዘው ወይም ሌሊቱን በደንብ ሳይተኛ ሲቀር ጭልጥ ብሎ ይተኛል። ስለዚህ በየቀኑ ዕድሉን ትሰጠዋለች። እንቅልፉ ካልመጣ መጥታ ትከሻውን ነካ ታደርገዋለች። ከረጢትህን መክፈት ትችላለህ ማለቷ ነው። በመሃላቸው አንዲት ቃል አይወጣም።

ከረጢቱ ራሱን የቻለ ወሬ ነው። ለማይተኙት ልጆች ለእያንዳንዳቸው የጨርቅ ከረጢት አዘጋጅታለች። ውስጡ የሥዕል መጽሐፍ አለ፣ ተነቅሎ እንደገና የሚለጠፍ ስቲከር አለ፣ ጠርዙ የተበሳሳ ካርቶንና በቀዳዳው የሚሾልክ የጫማ ክር አለ። ጎማ ያለው መኪና የለም፤ ወለሉ ላይ ሲነዳ ድምጽ አለው። የሚደረደር የእንጨት መጫወቻም የለም፤ ሲናድ ልጆቹን ያስደነግጣል። ከረጢቶቹ መጀመሪያ ዚፕ ነበራቸው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ዚፕ ሲከፈት ምን ያህል እንደሚሰማ አስተዋለች። ዚፑን ፈትታ፣ በእጇ ሰፍታ፣ በገመድ የሚሳብ አደረገችው። ይህን አድርጊ ያላት የለም። ልጆቹን ከልቧ ስለምታያቸው ነው። በየሳምንቱ ደግሞ ውስጡን ትቀያይረዋለች፣ እንዳይሰለቻቸው።

የሚተኛበትንም ቦታ አስባበታለች። ፍራሹ ጥግ ላይ ነው፣ መጋረጃው ገርበብ ካለበት መስኮት ሥር። ገጽ ለመግለጥ የሚበቃ ብርሃን አለው። ፊቱ ወደ ግድግዳው ስለሆነ የሚያጫውተው ሰው አያይም። አጠገቡ የምታስተኛው እንቅልፉ ከባድ የሆነውን ልጅ ነው። ጊዜውን ደግሞ በአሸዋ ሰዓት ታሳየዋለች። ሰዓት ማንበብ የማይችል ልጅ «ትንሽ ጠብቅ» ሲባል ትንሿ መቼ እንደምታልቅ አያውቅም። አሸዋው ሲያልቅ ግን በዓይኑ ያያል። ሲያልቅ ተነስቶ በእግሩ ጣት እየተራመደ ወደ እሷ ይሄዳል፣ የመክሰስ ሳህኖቹን አብረው ያዘጋጃሉ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ ልቤን ነክቶታል። የተኙትን ልጆች «ጎበዝ፣ ተኛህ» አትልም። መተኛት ጉብዝና ከሆነ አለመተኛት ምን ሊባል ነው? ልጄን የምታመሰግነው በሌላ ነገር ነው። «ጓደኞችህ እንዲያርፉ ስለረዳኸኝ አመሰግናለሁ» ትለዋለች በጆሮው። ቤት መጥቶ ይህን ሲነግረን ደረቱን ነፍቶ ነው።

ሥራዋ ደግሞ በደግነት ብቻ የሚሄድ አይደለም፣ እውቀት አለው። ደብተር ይዛለች። ጠዋት ሳደርሰው ማታ ስንት ሰዓት እንደተኛና ስንት ሰዓት እንደነቃ ትጠይቀኛለች። ስወስደው ተኝቶ ከሆነ ለምን ያህል ጊዜ እንደተኛ ትነግረኛለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት መተኛት እንዳለበት ይናገራል፣ የቀን እንቅልፍ ካለም እሱ ተደምሮ። ቁም ነገሩ ድምሩ ላይ ነው ያለው። የኔ ልጅ ማታ በጊዜ ከተኛ የሚያስፈልገውን በሌሊቱ ይሞላል። ቀን በግድ የተኛ ዕለት ግን እኩለ ሌሊት እስኪቃረብ ዓይኑ ይፈጣል፣ ጠዋት ደግሞ ተነጫንጮ ይነሳል።

እኔም ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካ ውስጥ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የነሬቤካ ስፔንሰር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ጥናት አለ። ከምሳ በኋላ የተኙ ልጆች ጠዋት የተማሩትን የሥዕሎች ቦታ ከማይተኙበት ቀን በተሻለ አስታውሰዋል። ይበልጥ የተጠቀሙት ግን ቀን መተኛት የለመዱት ልጆች ናቸው። አውስትራሊያዊቷ ተመራማሪ ካረን ቶርፕና ባልደረቦቿ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ብዙ ጥናቶችን አገላብጠው ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች ቀን ሲተኙ ማታ እንቅልፋቸው እንደሚዘገይ ጽፈዋል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው የሚጣሉ አልመሰለኝም። ለሚያስፈልገው ልጅ የቀን እንቅልፍ ትልቅ ነገር ነው፣ ለጨረሰው ልጅ ደግሞ ከማታው ላይ ይቀንሳል። ቲቸር የምትሠራው ልክ ይህንን ለይታ ነው። ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ፍራሾች ላይ ሁለት ዓይነት ልጅ እንዳለ ታውቃለች።

የምትለይበትንም አሳይታኛለች። ልጁ ሳይተኛ ውሎ አመሻሹ ላይ በትንሽ በትልቁ የሚያለቅስ፣ ወይም መኪና ውስጥ ገና እንደገባ የሚያንቀላፋ ከሆነ እንቅልፉን አልጨረሰም። ጋደም ብሎ ረጅም ጊዜ የሚቆይ፣ ሳይተኛም እስከ ማታ ደስ ብሎት የሚጫወት ከሆነ ግን እየጨረሰ ነው። በአንድ ቀን አትፍረጂ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት ተከታተዪው ብላኛለች።

ደግሞ የማታደርገውን ነገር በግልጽ ትናገራለች፣ ለዚህም አከብራታለሁ። አንዳንድ ወላጅ ማታ ቶሎ እንዲተኛለት ሲል ልጁን ቀን ፈጽሞ እንዳታስተኛው ይጠይቃታል። እሷ ግን ዓይኑ እየተከደነ ያለን ልጅ ቀስቅሳ አታቆምም። «ሲደክመው ይተኛል፣ ብዙ ሳይመሽ ደግሞ ቀስ ብዬ አነሳዋለሁ» ነው መልሷ። ለወላጅ ብላም ሆነ ለራሷ ጸጥታ ብላ የልጁን ሰውነት አትታገልም። እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላየሁም።

አሁን ልጄ ጠዋት ሮጦ ነው የሚገባው። ማታ በጊዜ ይተኛል። ቅዳሜና እሁድ ከምሳ በኋላ «የእረፍት ሰዓቴ ነው» ብሎ መጽሐፉን ይዞ ጋደም ይላል። ያቺ ሰዓት ለእኔም ለአባቱም እረፍት ሆናለች።

ማቆያ እየፈለጋችሁ ላላችሁ አንድ ጥቆማ ልስጥ። ግቢውንና መጫወቻውን ማየት ጥሩ ነው። ግን የማይተኛ ልጅ ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ ጠይቁ። «እኛ ጋ ሁሉም ይተኛል» ከተባላችሁ እንዴት ብላችሁ ቀጥሉ። ከተቻለ በእረፍት ሰዓት ሄዳችሁ እዩ። በዚያች ሰዓት ሞግዚቷ የት እንደተቀመጠች፣ ልጆቹን ታያቸው እንደሆነ፣ የነቃውን ልጅ በምን ድምጽ እንደምታናግር ማየት ብዙ ነገር ይነግራችኋል።

ቲቸር፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ልጄን እንቅልፍ ስለሌለው ሳትቀየሚው፣ አርፎ እንዲውል ስላስተማርሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ረዳትሽንም አመሰግናለሁ፤ አንቺ በሌለሽበት ቀን ያንኑ አሠራር ሳታዛንፍ ትይዘዋለች። ኃላፊዋንም እንዲሁ፤ ሞግዚቶቿ በራሳቸው እንዲያስቡ ቦታ ሰጥታቸዋለች።

የማቆያውን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። የክፍሏን ልጆች ቁጥር እንዳይበዛ ስለምትጠነቀቅ ቦታ የሚገኘው ልጅ ሲለቅ ነው። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፣ የልጁን የእንቅልፍ ሁኔታም አብራችሁ ጻፉልኝ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።