«ንጹህ እንጆሪ» የሚለውን ላስቲክ ሳይደራችሁ ውስጥ ከመገልበጣችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ

ቤታችሁ ሳይደር (ከፖም ጭማቂ የሚጠመቅ የአልኮል መጠጥ) የምትጠምቁ ሰዎች፣ እኔን ጉድ የሠራኝ ዕቃ እናንተም ጋ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሳይደሩን ከጠነሰስኩት አራተኛ ቀኑ ነበር። 10 ሊትር የፖም ጭማቂ። እርሾው ሥራውን ይዟል፣ የጋዝ ማስወጫው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እንጆሪ ልጨምርበት አሰብኩ። ማጠቡና መጨፍለቁ ታከተኝና በላስቲክ የታሸገ የተፈጨ እንጆሪ ገዛሁ። ፊቱ ላይ በትልቁ «ንጹህ እንጆሪ፣ ለሳይደርና ለወይን» ይላል። ሻጩም «በፈለግሽው ሰዓት ጨምሪው፣ አረፋው ሲቆም በ3 ቀን ጠርሙስ ሙዪ» አለኝ። አመንኩት።

በማግስቱ ፍላቱ ቀጥ አለ። እኔ ሞኟ «ጨረሰ» ብዬ ደስ አለኝ! በ3ኛው ቀን ጠርሙሶቹን ሞልቼ ቆርኪያቸውን መታሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሌሊት እንደ ጥይት የሚጮህ ነገር ቀሰቀሰኝ። አንዱ ጠርሙስ ፈንድቷል። እስኪነጋ ሁለት ተከተሉት። አጠገቡ ሰው አለመኖሩ ነው የጠቀመኝ።

የላስቲኩን ጀርባ ያነበብኩት ያን ጊዜ ነው። ስኳር፣ ውሃ፣ እንጆሪ፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ማቅለሚያ፣ ፖታሲየም ሶርቤት። እንዲህ ያለ ዝርዝር ከሚበዛው ጀምሮ ነው የሚጻፈው። «ንጹህ» የተባለው እንጆሪ ሦስተኛ ነው!

ስኳሩስ ይሁን፣ እርሾ ይበላዋል። ጣጣው ሶርቤቱ ነው። አንዳንድ ዕቃ ላይ ኢ 202 ተብሎ ብቻ ይጻፋል። እርሾን አይገድልም፣ እንዳይራባ ነው የሚያደርገው። ጥንስሱ እየፈላ ሳለ ሲገባበት ፍላቱን ያደክመዋል እንጂ ጨርሶ ላያቆመው ይችላል። አረፋው ቢጠፋም የቀረው እርሾ ስኳሩን ቀስ እያለ መብላቱን ይቀጥላል። ጠርሙሱ ከታሸገ ደግሞ ጋዙ መውጫ የለውም። ሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ሲፈላ በሊትር 24 ግራም ገደማ ስኳር ብቻ ወደ 6 ባር የሚጠጋ ግፊት ይፈጥራል። ጠርሙሱ ያን ያህል የወፈረው ለዚህ ነው። የኔ ተራ ጠርሙስ ነበር።

ጥፋቱ የኔም ነው፣ አልክድም። ሃይድሮሜትሬ፣ ማለትም የፈሳሹን እፍጋት ለክቶ ስኳሩ ማለቁን የሚያሳየው መሣሪያ፣ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። የፖም ጭማቂ ሲጀምር 1.050 አካባቢ ያሳያል፣ ስኳሩ ሲያልቅ 1.000 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ከተረፉት ጠርሙሶች አንዱን ከፍቼ፣ ጋዙን አራግፌ ስለካው 1.014 ላይ ነበር። ገና ብዙ ስኳር ነበረው ማለት ነው። አረፋ መቆሙ ምንም አይነግራችሁም።

ሻጩ ጋ ስመለስ ዓይኑን በጨው አጥቦ «እርሾሽ ነው መጥፎ» አለኝ። የተከፈተ ዕቃም አይመለስም ተባልኩ። ደግሞ «አልኮሉን እጥፍ ያደርገዋል» ብሎኝ ነበር እኮ። 1 ኪሎ እውነተኛ እንጆሪ ውስጥ ያለው ስኳር 50 ግራም ገደማ ነው፣ አብዛኛው ውሃ ነው። ከምን አምጥቶ ነው እጥፍ የሚያደርገው?

አሁን ፍሬውን ራሱን ነው የምጠቀመው። ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬ አቀልጠዋለሁ፤ በረዶው ፍሬውን ስለሚሰባብረው ጭማቂው በቀላሉ ይወጣል። ለ5 ሊትር 1 ኪሎ ገደማ፣ የመጀመሪያው ፍላት ከበረደ በኋላ እጨምራለሁ። ዕቃው እስከ አፉ መሞላት የለበትም፣ እንደገና አረፋ ያወጣል። ፍሬው ወደ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከላይ ደርቆ ከቀረ ይሻግታል። ስለዚህ በየቀኑ በንጹህ ማንኪያ ወደ ታች እደፍቀዋለሁ።

ያንን ላስቲክ ቀድማችሁ ጨምራችሁ ከሆነ ጠርሙስ አትሙሉ፣ ጋዝ ማስወጫው ባለበት ዕቃ ይቆይ። ጠርሙስ ሞልታችሁ ከሆነ ግን አታንቀጥቅጡት። ወፍራም ፎጣ ጠቅልሉበት፣ የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ ፍሪጅ አስገቡትና በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ፎጣውን ሳታነሱ ቆርኪውን በቀስታ ክፈቱት።