ሞቃት ቀለም ይሻላል ወይስ ቀዝቃዛ? ለግድግዳ፣ ለአምፖልና ለሶፋ ሲመርጡ

ግድግዳ ለማስቀባት ያሰበ ሰው ቀለም መሸጫ ከመድረሱ በፊት ሁለት ነገር ሰምቷል፤ ሞቃት ቀለም ይመቻል ግን ክፍል ያጠባል፣ ቀዝቃዛው ያሰፋል ግን ይበርዳል። ሁለቱም አባባሎች ከፊል እውነት አላቸው። እኔ ግን የቀለም ካርዱን ከመግለጥዎ በፊት ቀና ብለው አምፖልዎን ይዩ እላለሁ።

ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ ክሬምና ቡናማ ከሞቃቶቹ ወገን ናቸው። ሰማያዊና ወደ እሱ የሚጠጉት ቀዝቃዛ ይባላሉ። አረንጓዴና ሐምራዊ እንደ ቅልቅላቸው ነው፤ ቢጫ የበዛበት አረንጓዴ ይሞቃል፣ ሰማያዊ የበዛበት ይቀዘቅዛል። ገዢን የሚያሳስቱት ግን ነጭና ግራጫ ናቸው። ብቻቸውን ሲታዩ የየትም ወገን አይመስሉም። ሁለት ሦስት ዓይነት ነጭ አጠገብ ለአጠገብ ሲደረደሩ ግን አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ሮዝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ነጭ ሲገዙ አንድ ናሙና ብቻ አይተው አይወስኑ።

ስለ ስፋት የሚባለው መነሻ አለው። የዓይናችን ሌንስ ሰማያዊ ብርሃንን ከቀዩ ይበልጥ ያጥፈዋል፤ ስለዚህ የሁለቱ ቀለማት ብርሃን በአንድ ቦታ ላይ አያርፍም። በጥቁር መደብ ላይ ደማቅ ቀይና ደማቅ ሰማያዊ ጎን ለጎን ሲሆኑ ብዙ ሰው ቀዩ ወደ እሱ የቀረበ ይመስለዋል፤ ተገላቢጦሽ የሚታያቸውም አሉ። በግድግዳ ላይ ግን ከዚህ ይልቅ የሚያይለው ቀለሙ ምን ያህል ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል የሚለው ነው። ፈዛዛ ክሬም የተቀባ ጠባብ ክፍል፣ ጥቁር ሰማያዊ ከተቀባው ይልቅ ሰፊ ይመስላል። ክሬሙ ሞቃት፣ ሰማያዊው ቀዝቃዛ መሆኑ ይህን አይለውጠውም።

ስሜትም ላይ እንዲሁ ነው። «ቀይ ያነቃቃል፣ ሰማያዊ ያረጋጋል» ይባላል፤ ነገር ግን የቀለሙ ጥልቀት ከስሙ ያላነሰ ሥራ ይሠራል። አራቱንም ግድግዳ የሚጮህ ሰማያዊ የተቀባ ክፍል አያሳርፍም፤ ግራጫ የተቀላቀለበት የሸክላ ቀለም ግን ሞቃት ሆኖ ሳለ ያሳርፋል። ለመኝታ ቤት የሚመርጥ ሰው ሰማያዊ ይሁን ቡናማ ከማለቱ በፊት ደማቅ ይሁን ደብዛዛ ብሎ ቢጀምር ይሻላል።

አሁን ወደ አምፖሉ። ካርቶኑ ላይ «ኬልቪን» የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይሞቃል፣ ሲበዛ ይቀዘቅዛል። ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ ግን መጀመሪያ ይቀላል፣ እየጋለ ሲሄድ ቢጫ ሆኖ ወደ ነጭ ይሄዳል። ቁጥሩ የሚናገረው እንዲህ የጋለ አካል ስለሚሰጠው ብርሃን ነው። ሻማ ከ2000 ኬልቪን በታች ነው፤ 2700 እና 3000 ሞቃት ነጭ ይባላሉ፣ 4000 መካከለኛ ነው፣ 6500 ደግሞ ሰማያዊነት ያለው የቀን ብርሃን ነው።

ለመኝታ ቤትና ለሳሎን ያለማመንታት 2700ን እመርጣለሁ። ዓይናችን ውስጥ ቀንና ሌሊትን ለሰውነት የሚነግሩ ሴሎች አሉ፤ በጣም የሚነቁትም በ480 ናኖሜትር አካባቢ ባለው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ማታ የበራ ጠንካራ 6500 የእንቅልፍ ሆርሞን የሆነውን ሜላቶኒንን ይቀንሳል። ለሥራ ጠረጴዛና ለወጥ ቤት 4000 ይበቃል። ብርሃኑ ደካማ ሆኖ ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ክፍሉ ይጨፈግጋል፤ ኔዘርላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ክሩይትሆፍ በ1941 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፣ የብርሃን ጥንካሬንና ኬልቪንን የሚያዛምድ ታዋቂ ኩርባ (ግራፍ) የሚለው ይህንኑ ነው፤ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ግን ሁሉንም አላጸኑለትም።

አምፖልና ግድግዳ ካልተስማሙ ምን እንደሚሆን በራሴ ክፍል አይቻለሁ። በቀን፣ በመስኮት ብርሃን የመረጥኩት ግራጫ የተረጋጋና ንጹሕ ነበር። ማታ 6500ው አምፖል ሲበራ ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ፣ አልጋ ልብሱ አመድ መሰለ። ቀለሙን ለማስቀየር ባለሙያ ልጠራ ስል አምፖሉን ብቻ በ2700 ቀየርኩት፤ ግራጫው በዚያው ምሽት ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አስቀድሜ አምፖል ሳልገዛ ቀለም አልመርጥም።

ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ (CRI) የሚለውንም ይፈልጉ፤ አምፖሉ የዕቃን ቀለም ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገር ቁጥር ነው። ከፍተኛው 100 ነው። 80 ለመተላለፊያ ይበቃል፤ ቀይና ቡናማ ዕቃ ባለበት ክፍል ግን ከ90 በታች አይውረዱ፣ ቀዩ ይሞትብዎታል።

መብራት ለማይበዛበት ኮሪደር ሞቃቱን ጥልቅ ቀይ የሚያስቡ ካሉ ቆም ይበሉ። ብርሃን ሲደክም ዓይናችን ለቀይ ይሰንፋል፣ ለሰማያዊና ለአረንጓዴ ግን ይነቃል። ይህን በ19ኛው መቶ ዘመን ያስተዋለው የቦሄሚያው ሐኪም ፑርኪንዬ ሲሆን፣ ክስተቱም በስሙ ይጠራል። በምሽት ቀዩ ግድግዳ ወደ ጥቁር ሲሄድ፣ እኩል ብሩህ የነበረው ሰማያዊ ጎልቶ ይቀራል። እዚህ ቦታ ቀዝቃዛው ያሸንፋል።

ለሶፋና ለመጋረጃ ዋናው ጉዳይ ጎረቤት ነው። በፓሪሱ ጎብለን የምንጣፍ ፋብሪካ የማቅለሚያ ኃላፊ የነበረው ኬሚስት ሸቭረል፣ ጥቁሩ ክር ደብዝዟል የሚል አቤቱታ ሲቀርብለት ቢመረምር ጥፋቱ የማቅለሚያው አልነበረም፤ አጠገቡ ያሉት ቀለሞች ነበሩ ጥቁሩን የለወጡት። ግራጫ ሶፋ በብርቱካናማ ግድግዳ ፊት ሰማያዊ ይመስላል፤ በሰማያዊ ግድግዳ ፊት ያው ሶፋ ይሞቃል። ስለዚህ ወደ ሱቅ ሲሄዱ ቀለም የተቀባ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ይዘው ይሂዱ፤ ጨርቁን ከሰሌዳው ጋር አጋጥመው በሱቁ መብራት ካዩ በኋላ በር ላይ ወጥተው በቀን ብርሃን ይዩት፣ ቁራጭ ጨርቅ ከሰጡዎት ደግሞ ቤት ወስደው ማታ በራስዎ አምፖል ሥር ደግመው ይዩት።