ከስቲከሩ ሥር ያለውን ሳታዩ እንዳትገዙ

ይሄን የምጽፈው ገና እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። የገዛሁት ኬክ እንዲለሰልስ የሚጨመረውን፣ ከስብ የሚሠራውን ኢመልሲፋየር ነው። ሻጩን ታውቁታላችሁ፤ ሳትጠይቁት «ኦሪጅናል ነው» የሚለው ዓይነት። እኔ ግን ጠይቄዋለሁ። አባቴ የልብ ሕመምተኛ ነው፣ ሐኪሙ ትራንስ ፋት የሚባለውን፣ ልብ የሚጎዳውን ስብ እንዳይነካ ብሎታል፣ ይሄ አለበት ወይ አልኩት። ቆርቆሮውን አዙሮ ስቲከሩን በጣቱ መታ መታ አደረገልኝ። «ትራንስ ፋት 0፣ ይኸው ተጽፏል እህቴ፣ በአባትሽ እንዴት እዋሽሻለሁ!» አመንኩት።

አባቴ ሁለት ቁራጭ ከበላ በኋላ ነው ዕቃ ሳጥብ እንፋሎቱ የስቲከሩን ጥግ ያስለቀቀው። ሳብኩት። ከሥሩ የፋብሪካው ጽሑፍ አለ። መጀመሪያ ኢ471 ይላል፣ ሞኖ እና ዳይግሊሰራይድ፣ ኢመልሲፋየሩ ራሱ ማለት ነው። እሱ አላስደነገጠኝም፤ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን በ2017 እ.ኤ.አ. መርምሮ ለጤና አያሰጋም ያለው ነው። ያቃጠለኝ ቀጥሎ ያለው ነው፦ በከፊል ሃይድሮጅን የገባበት ዘይት። ትራንስ ፋት እኮ በዋናነት የሚመጣው ከዚሁ ነው! አባቴ ከታመመ ጀምሮ ስለሱ ያላነበብኩት የለም፤ አሜሪካ በ2015 ደህንነቱ አስተማማኝ አይደለም ብላ ከምግብ እንዲወጣ የወሰነችበት፣ የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች እንዲያስወግዱት የሚወተውትበት ነገር በስቲከር ተሸፍኖ ተሸጠልኝ።

ይዤው ተመለስኩ። ያ «እህቴ» ሲለኝ የነበረ ሰው ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም። «ከፍተሽዋል፣ አይመለስም። ደግሞ ኬክ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለ፣ ምን ያስጮህሻል?» አጠገቡ ያለችው ልጅ ሳቀች። የአባቴን ሕመም እየነገርኩት!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ስቲከሩ ተጣሞ መለጠፉን እዚያው ቆሜ አይቼዋለሁ። የሥሩ ጽሑፍ ጫፉ ወጥቶ ይታይ ነበር። በጥፍሬ ላነሳው አስቤ ሰውየው ይቀየመኛል ብዬ ተውኩት። የማላውቀውን ሰው ላለማስቀየም አባቴን አበላሁት።

«0» የሚለውን ብቻ አትመኑ። በአሜሪካ ሕግ እንኳ በአንድ ጊዜ በሚበላው መጠን ውስጥ ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ 0 ተብሎ ይጻፋል። ዝርዝሩን አንብቡ፣ «በከፊል ሃይድሮጅን» የሚል ካያችሁ መልሱት። ቆርቆሮውን ከነስቲከሩ በላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ለምግብ ተቆጣጣሪዎቹ ነው የማስረክበው።